አንዲት «የስ» እና ስድስት ጫኝና አውራጅ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ተወልጄ ያደግኩት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። አሁን ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ስቶር ላይ እሠራለሁ። አለቃዬ የውጭ አገር ሰው ስለሆነ ሪፖርቱም ኢሜይሉም በእንግሊዝኛ ነው። ባለፈው ሰሞን ጠዋት መጥቶ ‹ዲድንት ዘ ትራክ ካም?› አለኝ። መኪናው አልመጣም ነበርና ‹የስ› አልኩት። እሱ መጥቷል ብሎ ስድስት ጫኝና አውራጅ አስጠራ፤ ሰዎቹ እስከ ምሳ ሰዓት በር ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ የቢሮ ልጅ የምጽፈውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመረ ለሰው ያሳያል። ‹አማርኛ በእንግሊዝኛ› የሚል ስምም አውጥቶልኛል። ሰዋስውን ከኤ ቢ ሲ ልጀምረው? ኮርስ ልግባ? ከደብተሬ የገለበጥኳቸውን ዓረፍተ ነገሮች ከልጁ እርማት ጋር ልኬልዎታለሁ። ይዩልኝ።»

ልጄ፣ ከዚያችው ከ«የስ» ልጀምር፤ እኔም አንድ ቀን በእሷው ተሰናክያለሁና። በ1962 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ እንግሊዝኛ የምታስተምረን አንዲት የሰላም ጓድ አባል ነበረች። እነዚያ አሜሪካውያን ወጣቶች ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድበው ያስተምሩ ነበር። ፈተና ልንጀምር ስንል ባዶ እጄን መቀመጤን አየችና «ዶንት ዩ ሃቭ ኤ ፔን?» አለችኝ። «የስ» አልኳት። ቆማ ጠበቀች። እኔም ጠበቅኩ። እሷ እስክሪብቶዬን እስካወጣ፣ እኔ እስክትሰጠኝ። ከክፍሉ አንድም ተማሪ አልሳቀ፤ ሁሉም እንደ እኔ ነበር የሚያስበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ «አዎ» የሚስማማው ከጠያቂው ጋር ነው። «መኪናው አልመጣም?» ሲሉን «አዎ፣ አልመጣም» እንላለን፤ ልክ ብለሃል ማለታችን ነው። የእንግሊዝኛው «የስ» ግን ጠያቂውን ዞሮም አያየውም፤ የሚያየው መኪናውን ነው። መኪናው ከመጣ «የስ» ነው፣ ካልመጣ «ኖ» ነው። ሰውዬው «መጣ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅም «አልመጣም ወይ?» ብሎ ቢጠይቅም መልሱ ያው ነው። አንቺ ለአለቃሽ ልክ ነህ አልሽው፣ እሱ መጥቷል ብሎ ሰማ። ሁለታችሁም በየቋንቋችሁ አልተሳሳታችሁም፤ ፀሐይ የመታቸው ጫኝና አውራጆቹ ብቻ ናቸው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ነጠላ ቃል አትመልሺ። «ኖ፣ ኢት ዲድንት» በይ፤ ገና ይመጣል ለማለት ደግሞ «ኖ፣ ኢት ሃዝንት ካም የት»። ግሡን ካስከተልሽ አፍሽ አምልጦት «የስ» ቢል እንኳ አለቃሽ ግራ ገብቶት መልሶ ይጠይቅሻል እንጂ ሰው አያስጠራም። ሌላም ልንገርሽ፤ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንላት ነገር አለች አይደል? ከውጭ ሰው ጋር ስትሆኚ እሷን ተያት። ደንግጠሽ ወይም አሞሽ ይመስላቸዋል።

አሁን ልጁ ወዳወጣልሽ ስም ልምጣ። «አማርኛ በእንግሊዝኛ» ሲልሽ ሊሰድብሽ ፈልጎ ነው፤ ግን ሳያውቀው በሽታውን በስሙ ጠርቶልሻል። ስህተቶችሽን አንድ በአንድ አየኋቸው። በስንፍና የመጣ ብዙ የለም፤ አብዛኛው የተጣራ የመንዝ አማርኛ የእንግሊዝኛ ካፖርት ለብሶ ነው። ስለዚህ ከኤ ቢ ሲ አትጀምሪ። ከአማርኛሽ ጀምሪ። በአንቺ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1831 ዓ.ም. ኢዘንበርግ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ከጓደኛው ከክራፕፍ ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋ መጥቶ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ የአማርኛ ሰዋስው በእንግሊዝኛ አሳተመ። እሱ ከዚያ ወደዚህ ያቋረጠውን ወንዝ አንቺ ከዚህ ወደዚያ ታቋርጪዋለሽ።

«አይ ዲድንት ሶው ዘ ኪይ» ብለሻል። ለምን «ሶው» አልሽ? «አላየሁም» ስንል «አል» እና «ም» ግሡን ግራና ቀኝ ይይዙታል እንጂ ያለፈውን ጊዜ የሚሸከመው ራሱ «አየሁ» ነው። በእንግሊዝኛ «ዲድ» ከመጣ ሸክሙን ተቀብሎታል፣ ግሡ ባዶ እጁን ይቀራል፤ «አይ ዲድንት ሲ ዘ ኪይ»። አንድ ጆንያ ሁለት ሰው ትከሻ ላይ አይጫንም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ በየቀኑ ታዪዋለሽ። ጥያቄም ላይ ያው ነው፤ «ዲድ ዩ ዌንት?» ሳይሆን «ዲድ ዩ ጎ?»።

«ሺ ወርክ ኢን ስቶር» ያልሽው ከዚህ ይቀላል። እኛ እሄዳለሁ፣ ትሄዳለህ፣ ትሄጃለሽ፣ ይሄዳል፣ ትሄዳለች፣ እንሄዳለን፣ ትሄዳላችሁ፣ ይሄዳሉ ብለን ስምንት መልክ የምንለዋውጥ ሰዎች ነን። እንግሊዝኛ በአሁኑ ጊዜ የሚጠይቅሽ አንዲት «ስ» ብቻ ናት፤ ለእሱ፣ ለእሷ እና ለ«ኢት»። «ሺ ወርክስ»። ስምንቱን ሳትሳሳች የምትይ ልጅ አንዷን መርሳትሽ ይገርመኛል፣ ግን ሁላችንም እንረሳታለን። ማሽኑንም «ሂ» አትበይው። እቃ ሁሉ «ኢት» ነው።

«ዘ ኮልድ ኢዝ ካችድ ሚ» የሚለውን ሳነብ ግን ሳቄ መጣ፤ በክፉ አይደለም። 2800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የምትኖር የደብረ ብርሃን ሰው ሌላ ምን ትበል? በእኛ ቋንቋ ጉንፋን ይይዘናል፣ ብርዱ ይበርደናል፣ ረሃቡ ይርበናል። እኛ ቁጭ ብለን ነገሩ ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። እንግሊዞች ተቃራኒ ናቸው፤ ጉንፋኑን ሮጠው የያዙት ይመስል «አይ ኮት ኤ ኮልድ» ይላሉ። ብርዱንም ረሃቡንም ሰውዬው ራሱ ሆኖት ያርፈዋል፤ «አይ አም ኮልድ»፣ «አይ አም ሀንግሪ»። ስለዚህ አማርኛው በ«ኝ» ሲያልቅብሽ፣ በረደኝ፣ ራበኝ፣ ደከመኝ ስትይ፣ እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ በ«አይ» እንደሚጀምር አስቢ።

ከዚሁ ጋር የምትሄደውና ለአለቃሽ በኢሜይል የላክሻት «አይ አም ቦሪንግ ኢን ዘ ናይት ሺፍት» ናት። ልጄ፣ ይህ «በሌሊት ፈረቃ እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ» ማለት ነው። ደግነቱ አማርኛ ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል። አሰልቺ፣ አድካሚ፣ አደናጋሪ፤ እነዚህ በ«አ» የሚጀምሩት ሌላው ላይ የሚያደርሱት ናቸው፣ ቦሪንግ፣ ታይሪንግ፣ ኮንፊውዚንግ ይባላሉ። የደረሰባቸው፣ የሰለቸው፣ የደከመው፣ የተደናገረው ደግሞ ቦርድ፣ ታይርድ፣ ኮንፊውዝድ ነው። ሥራው ቦሪንግ፣ አንቺ ቦርድ። «ፕሊስ ቦሮው ሚ ዩር ካልኩሌተር» ያልሽውንም በዚችው «አ» ታርሚዋለሽ፤ ሰጪው «አዋሰ» ይባላል፣ «ሌንድ» እሱ ነው፤ ተቀባዩ «ተዋሰ»፣ እሱ «ቦሮው»። ጓደኛሽን የለመንሻት እንድታውስሽ እንጂ እንድትዋስ አይደለም፤ «ፕሊስ ሌንድ ሚ ዩር ካልኩሌተር»።

ቁጥር ላይ «ፋይቭ ቦክስ» ጽፈሻል። በአማርኛ አምስት ካርቶን፣ አሥር ሰው፣ ሦስት ልጅ እንላለን፤ ቁጥሩ ብዛቱን ከተናገረ ስሙ ላይ «ኦች» መጨመር ግዴታ አይደለም። እንግሊዝኛ ግን ተናግሮም ይደግማል፤ «ፋይቭ ቦክስስ»። እዚህ ላይ የተጠነቀቁ ልጆች ወደ ሌላው ገደል ይገባሉ። አንቺም ገብተሻል፤ «ኢኩዊፕመንትስ»፣ «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «አድቫይስስ»። እነዚህን እንደ ገብስ ቁጠሪያቸው። መንዝ ላይ «አምስት ገብስ ገዛሁ» የሚል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አምስት ኩንታል ገብስ፣ ሁለት ቁና ገብስ ነው የሚባለው። እንደዚሁ «ቱ ፒስስ ኦቭ ኢኩዊፕመንት» ይባላል፣ «ስ»ዋም መለኪያው ላይ ታርፋለች። ፈርኒቸርም ከእነዚሁ ወገን ነው።

አሁን ብዙ ወረቀት ላይ የጎደለብሽን፣ በየመስመሩ ቀይ ያስፈሰሰብሽን «ኤ» እና «ዘ»ን እንመልከት። ይህን በትምህርት ቤት የሃያ መስመር ሕግ አድርገው ያስጠኑናል፤ እኔም ለዓመታት ሳስጠና ኖሬ ዘግይቶ ነው የገባኝ። «ካርቶን መጣ፤ ካርቶኑ ተቀዷል» በይ። መጀመሪያ ስታነሺው «ካርቶን» ነው፣ አለቃሽ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ሁለተኛ ስታነሺው «ካርቶኑ» አልሽ፤ አሁን ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ። ያቺ መጨረሻ ላይ የምትጣበቀው «ኡ» ናት «ዘ»። «ኤ ቦክስ አራይቭድ። ዘ ቦክስ ኢዝ ቶርን»። ስለዚህ ዘ ልጨምር አልጨምር ብለሽ ስትጨነቂ ዓረፍተ ነገሩን በሆድሽ በአማርኛ በይው፤ ስሙ በ«ኡ» ወይም በ«ዋ» ካለቀ፣ በሩ፣ መኪናው፣ ላሚቱ ካልሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ «ዘ» ይገባል። ያለ «ኡ» ቀርቶ የሚቆጠር አንድ ነገር ከሆነ «ኤ» ይገባል፤ እኛ ባዶ የምንተወውን ቦታ እንግሊዝኛ ባዶ አይተወውም። ሁልጊዜ አይሠራም፤ «በጉ» ስንል «የእሱ በግ» ማለታችንም ሊሆን ይችላልና። ከአሥሩ ሰባት ስምንቱን ካቃናልሽ ግን ምን ትፈልጊያለሽ? የከተማና የሰው ስም ላይ «ዘ» አትለጥፊ። «ኤ» ወደ «አን» የምትቀየረው ደግሞ በፊደሉ ሳይሆን በድምፁ ነው፤ «አን አወር»፣ ግን «ኤ ዩኒቨርሲቲ»።

ሰዓትና ዘመን ላይ ሰዋስውሽ ልክ ሆኖ ነገሩ ተበላሽቷል። «ዘ ትራክ ዊል ካም አት ቱ ኦክሎክ» ብለሽ የጻፍሽው ጠዋት ሁለት ሰዓት ለማለት ከሆነ አለቃሽ የሚጠብቀው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ስድስት መደመር ወይም መቀነስ የዕለት ሥራሽ ይሁን። «አይ አም ዎርኪንግ ሂር ሲንስ 2015» ያልሽው ውስጥ ደግሞ ሁለት ነገር አለ። ከሆነ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ የቀጠለ ነገር «አይ ሃቭ ቢን ዎርኪንግ» ይባላል፤ እኛ «እየሠራሁ ነው» ብለን ስለምናልፈው ነው የሳትሽው። «ሲንስ» መነሻውን ነው የሚፈልገው፣ «ከ... ጀምሮ» እንደምንለው፤ «ፎር» ደግሞ ርዝመቱን፣ «ፎር ቱ ይርስ»። ሌላው ዘመኑ ነው። የእኛ 2015 ዓ.ም. በእነሱ አቆጣጠር 2022 ላይ ጀምሮ 2023 ላይ ያበቃል። አለቃሽ 2015 የሚለውን በራሱ አቆጣጠር ካነበበው ሰባት ዓመት የማይገባሽን የሥራ ልምድ ይሰጥሻል። የደመወዝ ጭማሪ ካመጣልሽ ዝም በይ ልልሽ ነበር፤ ግን ፋይልሽ ሲወጣ ያሳፍራል።

የደብዳቤሽ መግቢያ ላይ ትንሽ ልቆይ። «አስ አይ ትራይድ ቱ ኤክስፕሌይን አባቭ ኢን ዘ ታይትል» ትያለሽ፤ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት» የሚለው የቢሮ አማርኛችን ነው። በእኛ ዘንድ «ሞከርኩ» ትሕትና ነው፤ ገለጽኩ ብሎ መኩራትን እንሸሻለን። እንግሊዝኛ ግን «ትራይድ» ሲባል ሞክሮ ያልተሳካለትን ሰው ነው የሚያየው። አለቃሽ ያንን ሲያነብ ርዕሱን መጻፍ አቅቷት ነበር እንዴ ይላል። ርዕሱን ደግሞ ራሱ አንብቦታል፣ አስታዋሽ አይፈልግም። በቀጥታ ግቢ፤ «ዊ ኒድ ቴን ሮልስ ኦቭ ቴፕ ባይ መንደይ»። በዚህ አባባል ያፈርሽ እንደሆነ፣ እንዲህ ፊት ለፊት መናገር ባለጌ ያደረገሽ ከመሰለሽ፣ ትሕትናውን በ«ኩድ ዩ ፕሊስ» አስገቢው። እንግሊዝኛ አንተ እና እርስዎ ስለሌለው አክብሮቱን «ኩድ» እና «ዉድ» ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው።

የቀሩትን በችኮላ ልለፋቸው። «አግሪ» ራሱ ግሥ ስለሆነ «አይ አግሪ» እንጂ «አይ አም አግሪ» የለም። «ዲስከስ» ውስጥ «ስለ» አብሮ ገብቷል፤ «ዊ ዲስከስድ ዘ ሪፖርት»፣ «አባውት» ትውጣ። «ምንም እንኳ... ግን» እንላለን፤ እነሱ ግን «አልዞው» ካሉ «በት» አይደግሙም፣ አንዱን ምረጪ። «ሪተርን ባክ» አይባልም፤ መመለስ ወደ ኋላ መሆኑ ይታወቃል። የእኛ አንዲት «በ» በእንግሊዝኛ ብዙ ልጆች ወልዳለች፤ በመኪና «ባይ ካር»፣ በቢላ «ዊዝ ኤ ናይፍ»፣ በእግር «ኦን ፉት»፣ በሦስት ሰዓት «አት»፣ ሰኞ ቀን «ኦን»፣ በጥር ወር «ኢን»። ለእነዚህ ምክንያት አትፈልጊላቸው፤ ከነባለቤታቸው እንደ ስም አጥኚያቸው።

ኮርስ ልግባ ወይ ላልሽኝ፣ ገንዘብሽን ለጊዜው ያዢው። አለቃሽ በየቀኑ ኢሜይል ይጽፍልሻል አይደል? ያ ነው ኮርስሽ። እሱ «ዘ ትራክ ሃዝንት ካም የት» ብሎ የጻፈውን እንዳለ ደብተርሽ ላይ ገልብጪ፣ ከጎኑ ራስሽ በአማርኛ እንዴት እንደምትይው ጻፊ፣ የሚለያዩበት ቦታ ላይ አስምሪ። በሳምንት አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሦስት ወር ሠርተሽበት ለውጥ ካጣሽ ያን ጊዜ ኮርሱን እናስባለን።

የቀረው ባለ ቀዩ እስክሪብቶ ልጅ ነው። ለብቻው ጠርተሽ «ስታርመኝ ደስ ይለኛል፤ ግን ለእኔ ስጠኝ፣ ለሰው አታሳይብኝ» በይው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ለብቻው ሲሆን ልቡ ይራራል። ካልራራ ደግሞ ይህን ይዘሽ ሂጂ፤ ከላክሽልኝ እርማቶቹ ውስጥ ሁለቱ ራሳቸው ልክ አይደሉም። «ሁ አር ዩ ዌይቲንግ ፎር?» ያልሽውን ሰርዞ «ፎር ሁም አር ዩ ዌይቲንግ?» አድርጎታል። ዓረፍተ ነገር በ«ፎር» አያልቅም የሚለውን ነገር ጆን ድራይደን የሚባለው እንግሊዛዊ ገጣሚ ነው በ1672 እ.ኤ.አ. ያነሳው፤ እንግሊዞች ግን ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም በ«ፎር» እየጨረሱ ይኖራሉ። ያንቺው ትክክል ነው፤ የእሱ ለፍርድ ቤት ጽሑፍ እንጂ ለስቶር በር አይሆንም።

ሁለተኛው ስለ አባትሽ የጻፍሽው ነው። «ማይ ፋዘር ሃዝ ሰርቲ ሺፕ» ብለሻል፣ እሱም በቀይ «ስ» ጨምሮ «ሺፕስ» አድርጎታል። በግ በእንግሊዝኛ አንድም ይሁን ሠላሳ ያው «ሺፕ» ነው፣ ልክ እንደኛ፤ ምንም አይጨመርበትም። እሱ እንዳረመው ከተነበበ የሚሰማው ሌላ ቃል ነው፤ አባትሽ መሐል ሜዳ ላይ ሠላሳ መርከብ አሏቸው ማለት ነው።